ግዙፎቹን መመዘን፦ ከኮሌጅ ሜዳ ወደ ኤንቢኤ

እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲው ኦስካር ሺብዌ ነበር። ትውልደ ኮንጎው ሴንተር (ከቅርጫቱ አጠገብ የሚጫወተው ግዙፍ) በየጨዋታው በአማካይ 17 ነጥብ ያስቆጥር፣ 15 ሪባውንድ (ከቅርጫቱ የተመለሰ ኳስ) ይለቅም ነበር። በቀጣዩ ዓመት የኤንቢኤ ድራፍት የ58 ተጫዋቾች ስም ሲጠራ የሺብዌ ስም አልተጠራም። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ባም አዴባዮ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ፣ በዚሁ አሠልጣኝ ስር አንድ ዓመት ብቻ ተጫውቶ ነበር፤ አማካዩም 13 ነጥብና 8 ሪባውንድ ነው። እሱን ግን ማያሚ ሂት 14ኛ አድርጎ መረጠው፤ ኋላም ለኦል ስታር በቃ፣ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅም አጠለቀ። የሁለቱም ቁመት 2.06 ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ የቡድኖቹ መልማዮች ምን አይተው ለያዩዋቸው?

በድራፍት የሊጉ 30 ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሁለት ዙር ተራ በተራ ይመርጣሉ። ወደ ጥሎ ማለፉ ያልገቡት 14 ቡድኖች የፊተኞቹን ተራዎች በዕጣ ይከፋፈላሉ፤ ደካማው ቡድን የተሻለ ዕድል አለው። አንድ ወጣት ለመመረጥ 19 ዓመት የሚሞላበት ዓመት መሆን ስላለበት ብዙ ባለ ተሰጥኦዎች ኮሌጅ የሚቆዩት አንድ ዓመት ብቻ ነው። ጄምስ ዋይዝማን ለሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ጨዋታ ብቻ እንዳደረገ በ2020 ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ 2ኛ አድርጎ መረጠው፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላም ለሌላ ቡድን አሳልፎ ሰጠው።

የመረጃው ማነስ አንድ ነገር ነው። ዋናው ችግር ግን ኮሌጅና ኤንቢኤ ለግዙፍ ተጫዋች አንድ ዓይነት ሜዳ አለመሆናቸው ነው። በኮሌጅ አንድ ሴንተር ከቅርጫቱ ስር ቆሞ የሚመጣበትን ሁሉ ሲመክት ሊውል ይችላል። በኤንቢኤ ግን ከ2001–02 የውድድር ዘመን ወዲህ በቅርብ የሚይዘው ተቀናቃኝ የሌለው ተከላካይ በዚያ ክልል ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆየት አይፈቀድለትም። የሦስት ነጥቡ መስመር በኮሌጅ 6.75 ሜትር ሲርቅ በኤንቢኤ ከማዕዘኖቹ በስተቀር 7.24 ሜትር ይደርሳል። የማጥቂያው ጊዜም ከ30 ወደ 24 ሰከንድ ያጥራል። ስለዚህ ሜዳው ይሰፋል፣ ጨዋታው ይፈጥናል፣ ግዙፉም ከመጠለያው ይወጣል።

መልማዮች ከሁሉ በፊት እግር የሚያዩት ለዚህ ነው። በፒክ ኤንድ ሮል አጥቂው ሴንተር የጓደኛውን ተከላካይ በሰውነቱ ይከልልለታል፤ ይህ ስክሪን ይባላል፤ ኳስ የያዘው ጋርድም በዚያ ክፍተት ይሮጣል። በዚያች ቅጽበት ተከላካዩ ሴንተር ወይ ወደ ኋላ ቀርቶ ቅርጫቱን ይጠብቃል፣ ወይ ወጥቶ ጋርዱን ያዘገያል፣ ወይ ሰው ተቀያይሮ ፈጣኑን ሰው ራሱ ይይዛል። ሦስቱንም የሚችል ሰው ብርቅ ነው፤ አዴባዮን ተፈላጊ ያደረገውም ይኸው ነው። በሺብዌ ሪባውንድ ላይ የሚከራከር አልነበረም፤ ጥያቄ የተነሳው ከቅርጫቱ ርቆ ሲከላከል ምን ያደርጋል በሚለው ላይ ነበር።

ቀጥሎ ልኬት ይመጣል። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ዕጩዎች ቺካጎ ተሰብስበው ያለ ጫማ ቁመታቸው፣ የተዘረጋ ክንዳቸው ስፋት፣ ቆመው እጃቸውን ሲያነሱ የሚደርሱበት ከፍታ ይለካል። ቀለበቱ ያለው 3.05 ሜትር ላይ ነው፤ ወደዚያ የሚደርሰው ደግሞ እጅ እንጂ አናት አይደለም። ድሬይመንድ ግሪን ቁመቱ 1.98 ሜትር ገደማ ቢሆንም የክንዱ ስፋት ከ2.15 ሜትር ያልፋል። በሚሺጋን ስቴት አራት ዓመት ተጫውቶ በ2012 እስከ 35ኛው ተራ ድረስ የጠራው ቡድን አልነበረም፤ በ2017 ግን የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። እርግጥ ጨዋታን አስቀድሞ የሚያነብ አእምሮውን የሚለካ ሜትር ቺካጎ ውስጥም የለም።

በማጥቃት በኩል የሚጠየቀው ከርቀት ይወረውራል ወይ ነው። ነገር ግን አንድ ሴንተር በአንድ የኮሌጅ ዓመት የሚሞክራቸው የሦስት ነጥብ ውርወራዎች ጥቂት ከሆኑ፣ ውጤቱ በአጋጣሚ ሊያምር ወይም ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ነጻ ውርወራው ይመረመራል፤ ርቀቱ አይለወጥም፣ የሚከለክል የለም፣ የእጅ አወራወሩም ፍንትው ብሎ ይታያል። ብዙ ነጻ ውርወራ የሚያገባ ወጣት ውሎ አድሮ ከሩቅም ሊያስቆጥር ይችላል የሚል ተስፋ ይጣልበታል።

ከሁሉ የሚከብደው የሐኪሞቹ መዝገብ ነው። በ1984 ፖርትላንድ የመረጠው ሳም ቦዊ በኮሌጅ ሳለ በእግር ስብራት ሁለት የውድድር ዘመን አምልጦት ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ የተጠራው ማይክል ጆርዳን ነው። ያው ቡድን በ2007 ግሬግ ኦደንን ከኬቨን ዱራንት አስቀደመ፤ የኦደን ጉልበት ግን በመላ የኤንቢኤ ዘመኑ ከ105 ጨዋታ በላይ አላሻገረውም። ይህን ያየ ግዙፍና ጉዳተኛ ተጫዋችን ሁሉ ሊሸሽ ይችላል። ካሜሩናዊው ጆኤል ኢምቢድ ግን ጀርባውንና እግሩን ታምሞ በ2014 3ኛ ተመረጠ፣ ሁለት ሙሉ ዓመት ሳይጫወት ቆየ፣ በ2023 የሊጉ ኮከብ ሆነ።

ዕድሜም ይታሰባል፤ የ22 ዓመት ወጣት የ18 ዓመት ልጆችን ቢያሸንፍ ብዙ አይደንቅም። ሆኖም 2.24 ሜትር የሚረዝመው ዛክ ኢዲ በፐርዱ አራት ዓመት ቆይቶ፣ ሁለት ጊዜ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ምርጥ ተብሎ በ2024 9ኛ ተመረጠ። እንዲህ ያለ ቁመት የመልማዮችን ልማድ ያስረሳል፤ እሱም በመጀመሪያ ዓመቱ ከሊጉ አምስት ምርጥ አዲሶች አንዱ ሆነ።

በ2025 ደቡብ ሱዳናዊው ካማን ማሉዋች ከዱክ ዩኒቨርሲቲ 10ኛ ተጠራ። የኮሌጅ አማካዩ ከ9 ነጥብና ከ7 ሪባውንድ በታች ነው፤ ከሺብዌ ግማሽ ገደማ ማለት ነው። ቡድኖች ግን የሚከፍሉት ላለፈው ዓመት ሳይሆን ለሚመጡት ዓመታት ነው። በሚቀጥለው መጋቢት የኮሌጆቹን ውድድር የሚከታተል አንባቢ የሴንተሩን ነጥብ መቁጠሩን ለጊዜው ይተወውና ስክሪን በተደረገ ቁጥር እግሩ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከት፤ መልማዩም ዓይኑ እዚያው ላይ ነው።