ቡናው ይመዘናል፣ ጽሑፉስ?

አጋሮም ሆነ ሊሙ ገነት ገበሬው ቡናውን ሳያስመዝን አይሰጥም። የደራሲ ጽሑፍ ግን ሳይመዘን ሊሄድ ይችላል። እንዴት ቢሉ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቋንቋ የሚማረው ሰዎች የጻፉትን በብዛት ወስዶ ነው። ታዲያ የጸሐፊው ድርሻ የታለ?

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ የሆነና በጽሑፍ ወይም በቅጂ የሰፈረ ሥራ ባይመዘገብም ጥበቃ አለው። ክፍያው ላይ ግን ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2025 አንትሮፒክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያለ ፈቃድ ከተባዙ ምንጮች ላወረዳቸው መጻሕፍት 1.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ለአንድ መጽሐፍ 3,000 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ድርሻው የሚደርሰው ግን በአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ለተመዘገቡት ብቻ ነው። ጅማ ታትሞ እዚያ ያልተመዘገበ መጽሐፍ ቢወሰድ እንኳ አይቆጠርም።

በቡናም ያየነው ነው። መንግሥት የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋጨፌን ስሞች አሜሪካ ላስመዝግብ ብሎ ስለተከራከረ፣ ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በ2007 በስሞቹ ላይ ስምምነት ፈረመ። ስለዚህ እኔ እንደሚመስለኝ ደራሲዎቻችን በማኅበር ሆነው ማስመዝገብና መጠየቅ አለባቸው። ካልተናገሩት ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ!