የቤት ውስጥ ኔትወርክ ሲቆራረጥ የችግሩን ምንጭ መለየት

በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮችን በአንድ ራውተር አማካይነት ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት የተለመደ ሆኗል። ግንኙነቱ በየጊዜው ሲቆራረጥ ግን ብዙ ተጠቃሚዎች ጥፋቱን ወዲያውኑ በአገልግሎት ሰጪው ላይ ይጥላሉ፤ አለያም አዲስ ራውተር ለመግዛት ይነሳሉ። ችግሩ ያለው ከቤት ውጭ ነው ወይስ ውስጥ የሚለውን አስቀድሞ መለየት ካላስፈላጊ ወጪ ያድናል።

የመጀመሪያው እርምጃ አንዱን ኮምፒውተር በኬብል በቀጥታ ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ነው። በመቀጠልም «ፒንግ» በተሰኘው ትእዛዝ በቅድሚያ የራውተሩን አድራሻ፣ ከዚያም በኢንተርኔት ላይ የሚገኝ ሌላ አድራሻ መሞከር ይገባል። የራውተሩ አድራሻ በአብዛኛው 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ራውተሩ ሳያቋርጥ ምላሽ እየሰጠ የውጭው አድራሻ የሚጠፋ ከሆነ፣ ችግሩ ከራውተሩ ወደ ውጭ ባለው መስመር ላይ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። ራውተሩ ራሱ ምላሽ የሚያቋርጥ ከሆነ ግን ምክንያቱ የሚፈለገው በቤት ውስጥ ነው።

በኬብል ደህና የሆነው ግንኙነት በዋይፋይ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ የሬዲዮ ሞገዱን መመርመር ያስፈልጋል። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ዋይፋይ በማይክሮዌቭ ምድጃና በጎረቤት ራውተሮች ይታወካል። በዚህ ሞገድ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 በመሆናቸው ከእነዚሁ ያልተጨናነቀውን መምረጥ ይመከራል። 5 ጊጋኸርዝ መጨናነቁ የሚያንስ ቢሆንም ወፍራም ግድግዳን የማለፍ አቅሙ ዝቅተኛ ነው። ራውተሩን በቤቱ መሐል ከፍ ባለ ቦታ ማስቀመጥም ይረዳል።

በኬብልም የሚቆራረጥ ከሆነ ኬብሉን በሌላ መቀየር፣ ርዝመቱም ከ100 ሜትር አለመብለጡን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። የኮምፒውተሩ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው። ለሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት አድራሻ በእጅ መስጠትም ሁለቱንም ያውካል። ራውተሩ በራሱ ጊዜ ጠፍቶ የሚበራ ከሆነ ደግሞ የኃይል አዳፕተሩንና ሶኬቱን መፈተሽ ይገባል።

በምርመራው ወቅት በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ያስፈልጋል፤ ብዙ ነገር በአንድ ላይ ከተለወጠ መፍትሔው የትኛው እንደነበረ አይታወቅም። ግንኙነቱ የተቋረጠባቸውን ሰዓታትና የፒንግ ውጤቱን መዝግቦ መያዝም ለአገልግሎት ሰጪው የሚቀርበው አቤቱታ በማስረጃ የተደገፈ እንዲሆን ያደርጋል።