ፒላቴስ በሳሎን ምንጣፍ ላይ

ወገቤ የተያዘው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በምትመጣበት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ከታች ከሮቶ የቀዳሁትን 20 ሊትር ጄሪካን ይዤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አረፍ አልኩ። እንደገና ላነሣው ጎንበስ ስል ወገቤ ላይ አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ ቀና ማለት አቃተኝ። የጎረቤት ልጅ ጄሪካኑን ተቀበለኝ፣ እኔ ደግሞ የደረጃውን መደገፊያ ይዤ እየተጎተትኩ ቤት ገባሁ። ዕድሜዬ ያኔ 43 ነበር።

እማዬ ሶፋ ላይ ሆና ቡና እያፈላች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና "አንቺም እንደ እኔ?" አለችኝ።

እሷ 68 ዓመቷ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከበርጩማ ስትነሣ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ቢጠገንም ፍርሃቱ ስላልለቀቃት በርጩማዋን ለታችኛው ፎቅ ጎረቤት ሰጥታ ቡናውን ሶፋ ላይ ሆና ማፍላት ጀመረች። ቀስ በቀስም ጎረቤት ቡና መጥራት ተወች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት "ሶፋ ላይ ሆኜ ሳፈላ በገዛ ቤቴ እንግዳ የሆንኩ ይመስለኛል" ነበር መልሷ።

የሄድኩባቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። እግሬን እያነሡ፣ ጣቶቼን እየነኩ ከመረመሩኝ በኋላ ነርቭ እንዳልተነካ ነገሩኝ። ሕመሙ በረድ ሲል ፒላቴስ እንድጀምር መከሩኝ። ፒላቴስ ሲባል እኔ የማውቀው ኢንስታግራም ላይ የማየውን ነው፤ አልጋ በሚመስል ስፕሪንግና ገመድ ባለው ማሽን ላይ የሚንሸራተቱ፣ ልብሳቸው ከምንጣፋቸው ቀለም ጋር የሚመሳሰል ቀጫጭን ሴቶች። ይህንኑ ስነግራቸው ሳቁ። "ማሽኑን እርሺው። ቤትሽ ምንጣፍ አለ አይደል?"

ፒላቴስ የሰው ስም ነው። ጆሴፍ ፒላቴስ እ.ኤ.አ. በ1883 የተወለደው የእግር ኳስ ተከታታዮች በቡድኗ በሚያውቋት የጀርመኗ ሞንሸንግላድባህ ነው። በልጅነቱ አስም፣ ሪኬትስና የሩማቲክ ትኩሳት ያሠቃዩት ነበር። (ሪኬትስ የጤና ባለሙያዎቻችን ሕፃናትን የጠዋት ፀሐይ አሙቁ እያሉ የሚመክሩበት የአጥንት መለስለስ በሽታ ነው።) አካሉን ለማጠንከር ጂምናስቲክና ቦክስ ይሠራ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ፤ ጦርነቱ ሲነሣም ጀርመናዊ በመሆኑ ብቻ ተይዞ በማን ደሴት ከሌሎች ጀርመናውያን ጋር ታጎረ። ወለል ላይ የሚሠሩትን እንቅስቃሴዎች ያዳበረው እዚያ ነው። ከአልጋ መነሣት ለማይችሉ ሕሙማን የአልጋ ስፕሪንግ እያሰረ፣ እንደተኙ እጅና እግራቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ያደርግ እንደነበርም ይነገራል። ዛሬ ብዙ ገንዘብ የሚጠየቅበት ሪፎርመር የተባለው ማሽን መነሻው ይህ ነው ይባላል።

በ1926 ኒውዮርክ ገብቶ ከባለቤቱ ከክላራ ጋር በስምንተኛው ጎዳና ላይ ማሠልጠኛ ከፈተ። ታላላቆቹ የዳንስ ሰዎች ጆርጅ ባላንሺንና ማርታ ግራሃም ዳንሰኞቻቸውን ወደ እሱ ይልኩ ነበር። እሱ ዘዴውን "ኮንትሮሎጂ" ብሎት ነበር፤ በስሙ መጠራቱ የገነነው በ1967 ካረፈ በኋላ ነው። በ1945 ያሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያሉት 34 እንቅስቃሴዎች በሙሉ ያለ ማሽን ወለል ላይ የሚሠሩ ናቸው። ይህን ካነበብኩ በኋላ የኢንስታግራሟን ሴት መፍራት ተውኩ።

የመጀመሪያው ትምህርቴ መተንፈስ ነበር። በጀርባዬ ተኝቼ ጉልበቴን አጥፌ፣ እግሮቼን በዳሌዬ ስፋት ልክ አራርቄ፣ በአፍንጫዬ አየር ሳስገባ የጎድን አጥንቶቼ እንደ አኮርዲዮን ወደ ጎን እንዲከፈቱ ማድረግ። ሳስወጣ ደግሞ የጠበበ ሱሪ ዚፕ ስንዘጋ እንደምናደርገው ከእምብርት በታች ያለውን ሆድ በቀስታ ወደ ውስጥ መሳብ። ከዚያ ወገቤ ሳይነቃነቅ አንዱን እግር ከመሬት ማንሣት። ይኸው ነው። ቀላል መስሎኝ ነበር፣ አምስተኛው ላይ ሆዴ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ባለሙያው ያስረዱኝ በመቀነት ነው። ከሆዳችን ውስጠኛ ክፍል ወገባችንን ዙሪያውን የሚጠመጥም ሰፊ ጡንቻ አለ። ከላይ መተንፈሻው ድያፍራም፣ ከታች የማኅፀንና የፊኛ መሸከሚያ ጡንቻዎች፣ ከኋላ በአከርካሪ ላይ የተሰደሩት ትናንሽ ጡንቻዎች አሉ። ጤነኛ ሰው እጁን ከማንሣቱ በፊት ያ የውስጥ መቀነት ቀድሞ ጠበቅ ይላል። የወገብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ግን ዘግይቶ እንደሚሠራ በ1990ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። እኔ ጄሪካኑን ሳነሣ መቀነቴ ተፈትቶ ነበር ማለት ነው። ፒላቴስ በዝግታ የሚሠራበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ሲፈጥኑ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ሥራውን ይቀሙታል።

ከዚያ "ድልድይ" መጣ። ጉልበት እንደታጠፈ መቀመጫን ከመሬት ቀስ ብሎ ማንሣት፣ ትንፋሽ ወስዶ በቀስታ መመለስ፣ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ። ደረጃ የሚያስወጣንና ከወንበር የሚያስነሣን ዋናው ጉልበት ከመቀመጫና ከጭን ጡንቻ ነው የሚመጣው። "ዋና" የሚሉት ደግሞ በሆድ ተኝቶ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን፣ ቀጥሎም ተቃራኒውን በትንሹ ማንሣት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ 20 ደቂቃ እሠራለሁ። በሁለተኛው ወር ጄሪካን ማንሣት ጀመርኩ። ከወገብ ሳይሆን ከዳሌና ከጉልበት መታጠፍን፣ ዕቃውን ወደ ሰውነቴ አስጠግቼ ትንፋሽ እያስወጣሁ ማንሣትን ተማርኩ። ባለ 20 ሊትሩንም በሁለት ባለ 10 ሊትር ቀየርኩት፤ ይህ ፒላቴስ ባይሆንም ከፒላቴሱ ያልተናነሰ ጠቅሞኛል።

እማዬ ማታ ማታ ከሶፋዋ ሆና ታየኝ ነበር። "ይሄማ መኝታ ነው፤ ስፖርት የሚባለው ምኑ ላይ ነው?" ትላለች። አንድ ቀን ግን ከማእድ ቤት ስመለስ እጇን ሳትደገፍ ከሶፋው ለመነሣት ስትታገል አገኘኋት። በማግሥቱ ይዣት ሄድኩ።

ባለሙያው መጀመሪያ የአጥንቷ ጥንካሬ እንዲመረመር ላኳት። በዚያ ዕድሜ በቀላል አወዳደቅ የእጅ አንጓ መሰበር አጥንት መሳሳቱን ሊጠቁም ይችላል። አጥንቱ የሳሳ ሰው ደግሞ ጀርባን እያጎበጡ የሚንከባለሉትንና ከተኙበት ወደ ፊት ታጥፈው የሚነሡትን የፒላቴስ እንቅስቃሴዎች መሥራት የለበትም፤ የአከርካሪ አጥንት ሊሰነጠቅ ይችላል። ኢንተርኔት ላይ ያለው ቪዲዮ የሚያየው ሰው ዕድሜው ስንት እንደሆነ አይጠይቅም።

ውጤቱን ካዩ በኋላ ለእሷ ሥራውን በወንበር ጀመሩላት። በምግብ ጠረጴዛ ወንበር ላይ ሁለት ትራስ ተደርቦ ትቀመጣለች፤ እግሯን ከጉልበቷ በታች አስገብታ፣ ደረቷን ከዳሌዋ ወደ ፊት ዘንበል አድርጋ፣ ትንፋሿን እያስወጣች ትነሣለች። ስትቀመጥ እስከ አራት እየቆጠረች ነው። በመጀመሪያው ወር በእጇ እየተደገፈች ነበር። ከዚያ አንዱ ትራስ ወጣ፣ ቆይቶም ሁለተኛው። የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዛ ተረከዟን ከፍ ዝቅ ማድረግና በአንድ እግር መቆምም ተጨመረ። እኔ የበለጠ የወደድኩት ግን ወለል ላይ ካሉ እንዴት እንደሚነሡ መማሯን ነው፤ በጎን መዞር፣ በእጅና በጉልበት መንበርከክ፣ ወንበር መያዝ፣ አንድ እግር ወደ ፊት አውጥቶ ቀና ማለት። "ብወድቅም መነሣቱን አውቀዋለሁ" ማለት ስትጀምር ደረጃ መውረድ አልፈራችም።

ፒላቴስ ተአምር አይደለም። በ2015 የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ፣ የወገብ ሕመም ላለባቸው ፒላቴስ መሥራት ምንም ካለማድረግ ወይም ጥቂት ነገር ብቻ ከማድረግ እንደሚሻል፣ ከሌሎች የአካል እንቅስቃሴዎች እንደሚበልጥ ግን በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። እኔ ይህን የማየው እንደ መልካም ዜና ነው፤ ወለል ላይ መተኛት ካልተመቸዎት ሌላ የሚወዱትን መሥራት ይችላሉ። ክብደት በፍጥነት ይቀንሳል የሚልዎት ካለ አይመኑት። የእግር ጉዞን ቦታም አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ልብን የሚያነቃቃ መጠነኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ ለሆኑት ደግሞ ሦስት ቀን ሚዛን መጠበቂያ እንቅስቃሴ ይመክራል። ፒላቴስ የሚገባው በሁለቱ ኋለኞች ውስጥ ነው።

ነፍሰ ጡሮች እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ በጀርባ ለረጅም ጊዜ መተኛት ስለማይመከር፣ በኦፕራሲዮን የወለዱም ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ባይጀምሩ ይሻላል። የወገብ ሕመም ከእግር መስነፍ፣ በብልት አካባቢ ከመደንዘዝ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካለመቻል ጋር ከመጣ ግን የሚሄዱት ወደ ምንጣፍ ሳይሆን በዚያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

ባለፈው ወር እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማዬ ታችኛው ፎቅ ላይ ቆም ብላ በር አንኳኳች። ልጁ ሲከፍትላት "እናትህን ሰላም በልልኝ፤ ያቺን በርጩማዬንም አምጣልኝ" አለችው። እኔ ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ቀድማኝ አነሣችው፤ ጉልበቷን አጥፋ፣ ትንፋሿን እያስወጣች። ከሰዓት በኋላ እሷ ዝቅ ብላ ተቀምጣ ቡናውን ስትቆላ ቤቱ በጎረቤት ሞላ። ሦስተኛው ላይ ስትነሣ ግን ሶፋውን በአንድ እጇ ያዝ አደረገች፤ እኔም ያላየሁ መሰልኩ።