የጥናት መረጃም አማና ነው

ለመመረቂያ ጽሑፍ ስለ አእምሮ ጤና መጠይቅ ይዘን ወደ ሸቤ ከመውጣታችን በፊት አስቀድሞ የተሰበሰበ መረጃ ካለ እንጠይቅ።

እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በቡታጅራ በተካሄደው ጥናት ከ68,000 በላይ ሰዎች ተጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተዋል። ከዚያው ጥናት ስለ ስኪዞፍሬኒያ፣ ስለ ባይፖላር፣ በታማሚው ቤተሰብ ላይ ስለሚደርሰው መገለል በርካታ ጽሑፎች ወጥተዋል። አንዴ የተሰጠ መልስ ለብዙ ጥያቄ ሲያገለግል ታማሚው ሕመሙን ደጋግሞ ለማውራት አይገደድም።

ሆኖም መረጃ ስናጋራ ስም መሰረዝ ብቻ አይበቃም። «የ34 ዓመት ሴት፣ ልብስ ሰፊ፣ ሸቤ» ተብሎ ቢጻፍ ጎረቤት ወዲያው ያውቃታል። ስለዚህ፦

• ዕድሜን «ከ30–39» ብለን፣ ቦታን በዞን ደረጃ እንጻፍ፤ ሥራው ለጥናቱ ካላስፈለገ እንተወው።
• መረጃው ለሌላ ጥናት ሊውል እንደሚችል ለተሳታፊው ነግረን ፈቃዱን እንጠይቅ።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። ለኛ ደግሞ አምኖ የነገረንን ሰው ሚስጥር መጠበቅ የዲናችን ግዴታ ነው። አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን።