የግል ዊኪና አጠባበቁ

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ነገር ግን የተጻፈውም ቢሆን ጠባቂ ካላገኘ እንደሚጠፋ በራሴ ላይ ከደረሰው ስለ ተረዳሁ፥ ለጓደኞቼ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ይህን አጭር ጽሑፍ አቀርባለሁ።

ዊኪ ማለት ገጾቹ እርስ በርሳቸው የተያያዙ፥ በኢንተርኔት የሚነበብና እዚያው ሳለ የሚታረም መዝገብ ነው። የመጀመሪያውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ያወጣው ዋርድ ከኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሲሆን፥ ቃሉ በሃዋይ ቋንቋ «ፈጣን» ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ዊኪፔዲያን ነው፤ ዳሩ ግን አንድ ሰው ብቻውንም ለራሱ ዊኪ ሊያቋቁም ይችላል።

እኔም አያቴ የነገሩኝን ተረትና የመንደራችንን ታሪክ የምጽፍበት ዊኪ ዶኩዊኪ በሚባለው ፕሮግራም አቋቁሜ፥ በተከራየሁት ሰርቨር ላይ አኖርሁት። ዶኩዊኪ እያንዳንዱን ገጽ እንደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሚያስቀምጥ ለጀማሪ ይቀላል። ስሕተቴ ግን ማንም እንዲጽፍበት በሩን ክፍት መተዌ ነበር። አንድ ቀን ጧት ብከፍተው የአያቴ ተረት ጠፍቶ በቦታው የቁማር ማስታወቂያ ተሞልቶ አገኘሁ። በዚያን ጊዜ አያቴ ዐርፈው ስለ ነበረ፥ እንደገና ይንገሩኝ ብዬ ልጠይቃቸው አልችልም ነበር።

ደግነቱ ዶኩዊኪ የቀድሞውን ጽሑፍ አይጥልም፤ ገጹ በታረመ ቁጥር ያለፈውን ቅጂ ለብቻው ያኖራል። ስለዚህ እያንዳንዱን ገጽ ወደ ነበረበት መለስሁ። ይሁን እንጂ የቀድሞውም ቅጂ የሚኖረው በዚያው ሰርቨር ላይ ነውና፥ ሰርቨሩ ቢበላሽ ኖሮ ሁለቱም አብረው በጠፉ ነበር።

ከዚህ በኋላ አራት ነገር አደረግሁ።

1ኛ/ የመጻፍን ፈቃድ ለራሴ ብቻ አድርጌ ለቤተ ሰቦቼ የማንበብን ፈቃድ ሰጠሁ።

2ኛ/ ረዥምና ሌላ ቦታ ያልተጠቀምሁበት የይለፍ ቃል መረጥሁ። ቃሉም በመንገድ እንዳይሰረቅ ኤችቲቲፒኤስ በሚባለው የተመሰጠረ መስመር እንዲያልፍ አደረግሁ፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን የምስክር ወረቀት ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው አገልግሎት በነጻ ይሰጣል።

3ኛ/ የፕሮግራሙ አዲስ እትም ሲወጣ ሳልዘገይ አድሳለሁ፤ ሰርጎ ገቦች ባልተደፈነ አሮጌ ቀዳዳ ሊገቡ ይችላሉና።

4ኛ/ እሑድ እሑድ ፋይሎቹን ሁሉ በፍላሽ ቀድቼ ቤት አኖራለሁ፤ ቅጂው በትክክል መከፈቱንም እሞክራለሁ፤ የማይከፈት ቅጂ እንደ ሌለ ይቈጠራልና።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከሽማግሌዎች የሰማችሁትን ዛሬውኑ ጻፉ። ከጻፋችሁም በኋላ በሩን ዝጉ፥ ቅጂውንም በሌላ ቦታ አኑሩ። ጽሑፍ የሚወረሰው ለወራሹ እስኪደርስ ድረስ የሚጠብቀው ሲያገኝ ነው።