ከፊርማው ባሻገር፦ ሠልጣኝ ሐኪሞችን ወደ ትምህርት ክፍለ ጊዜ የሚያመጣቸው ምንድን ነው?



የዛሬውን ንግግሬን በራሴ ስሕተት ልጀምር። ከዓመታት በፊት በአንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል የሠልጣኞችን ትምህርት ሳስተባብር፣ ተሰብሳቢው እየሳሳ በመሄዱ የፊርማ መቆጣጠሪያ እንዲዞር አደረግሁ። ወረቀቱ በፊርማ ተሞላ፤ ወንበሮቹ ግን ባዶ እንደሆኑ ቀሩ። አንዱን ኢንተርን ጠርቼ ስወቅሰው፣ «ደም የሚጠብቅ ሕመምተኛ ይዤ ነበር፤ ለማን ልተወው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

የችግሩ ሥር ያለው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። ሠልጣኝ ሐኪም ተማሪም ሠራተኛም ነው። ናሙና ይወስዳል፤ የላቦራቶሪ ውጤት ይከታተላል፤ አንዳንዴም ሕመምተኛውን በአልጋ እየገፋ ወደ ራጅ ክፍል ያደርሳል። ሁለቱ ግዴታዎች በአንድ ሰዓት ሲጋጩ የሚሸነፈው ትምህርቱ ነው። ስለዚህ መቅረትን ሁሉ ስንፍና ብሎ መፈረጅ ሳይመረምሩ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ይቆጠራል።

የመጀመሪያው መፍትሔ ጥበቃ የተደረገለት ሰዓት ነው። በብሪታንያ የጀማሪ ሐኪሞች የትምህርት ሰዓት በሥራ መርሐ ግብራቸው ውስጥ ይካተታል፤ በብዙ ሆስፒታሎችም ሠልጣኞቹ መጥሪያ መሣሪያቸውን ለባልደረባ አስረክበው ወደ ትምህርቱ ይገባሉ። በእኛም ዘንድ ለዚያች አንድ ሰዓት ክፍሉን የሚረከብ ሲኒየር ሬዚደንት ወይም መምህር ሐኪም በስም ሊመደብ ይችላል። ይህ ከአዲስ በጀት ይልቅ ውሳኔን የሚጠይቅ ነው። ሌሊቱን በተረኝነት ያሳለፈውም ማረፍ ይገባዋል እንጂ «ቀሪ» ተብሎ መመዝገብ የለበትም።

ሁለተኛው የትምህርቱ ይዘት ነው። ስላይድ እየተነበበለት የሚያንቀላፋ ሠልጣኝ በአካል ቢገኝም ተምሯል አይባልም። ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ካነበቡት ተማሪዎች ይልቅ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል። እንግዲያው ትምህርቱ ትናንት ሌሊት በገባው ሕመምተኛ ይጀምር፤ መምህሩም ከመናገሩ በፊት ይጠይቅ።

ሦስተኛው ክብር ነው። በጓደኞቹ ፊት የተዋረደ ሠልጣኝ በሚቀጥለው ቀን ወይ ይቀራል፣ ወይ ስሕተቱን ይደብቃል። የተደበቀ ስሕተት ደግሞ በሌላ ሕመምተኛ ላይ ይደገማል።

እኔም በኋላ ወረቀቱን ትቼ በሳምንት አንድ ቀን በትምህርቱ ሰዓት ክፍሉን ራሴ መጠበቅ ያዝሁ። ወንበሮቹም ቀስ በቀስ ተሞሉ። አልጋ ላይ ያለው ሕመምተኛ ሳይማር ያስተማረን ሕዝብ ወገን ነው፤ ዛሬ የሚያክመውም፣ ነገ የሚያክመው ሐኪም በሚገባ የተማረ እንዲሆንም መብቱ ነው። «ለማን ልተወው?» ለሚለን ሠልጣኝ «ለእኔ ተወው፤ አንተ ሂድና ተማር» ማለት የእኛ የመምህራኑ ድርሻ ነው።