ታንኳና የጣና ዳር ቤተሰብ

በጎፋ ወይም በለቡ፣ በጀሞ ወይም በመካኒሳ ለቤተሰብዎ የዓሣ ወጥ ወይም ጥብስ ሲያዘጋጁ ዓሣው ከየትኛው ውኃ እንደወጣ ጠይቀው ያውቃሉ? ወደ አዲስ አበባ ገበያ የሚመጣው ዓሣ ከዝዋይ፣ ከጫሞ፣ ከጣናና ከሌሎችም ሐይቆች የሚሰበሰብ ነው። በሐይቅ ዳር ለሚኖር ቤተሰብ ደግሞ ከመረብ በፊት የሚያስፈልገው ጀልባ ነው። በአባያ ሐይቅ ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች በውኃ ዳር የሚበቅል እጅግ ቀላል እንጨት እያሰሩ ይቀዝፉበታል። በጣና ግን ጀልባው የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ስሙም ታንኳ ይባላል። ዛሬ የምናወሳው ይህንኑ ሙያና በሙያው የሚተዳደሩትን ቤተሰቦች ነው።

ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ጥልቀቱ ግን እጅግም ያልሆነ ሐይቅ ነው። በዳርቻው የሚበቅለው ደንገል ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የቋጠረ በመሆኑ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ታንኳ ሠሪው ደንገሉን አጭዶ በፀሐይ ያደርቀዋል፤ ከዚያም በነዶ በነዶ እያሰረ፣ ነዶውን ከነዶ እያጣመረ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ይጠፍረዋል። ከውስጥም ሌላ የደንገል ነዶ ይነጠፋል፤ ጭነቱና ሰውየው ከውኃው ከፍ እንዲሉ ነው። ታንኳ ውኃ እንዳያስገባ ተደርጎ የሚሠራ ዕቃ አይደለም። ውኃ በየቀዳዳው ይገባል፤ የሚያንሳፍፈው የደንገሉ ቅለት ነው። በመሆኑም ከጉዞ ሲመለስ ከውኃ ወጥቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ እንዲደርቅ ይደረጋል። እንዲህም ተጠብቆ ዕድሜው ከወራት አያልፍም። ያረጀው ይጣላል፤ አዲስ ይታሰራል። ስለዚህ ደንገል በሌለበት ታንኳ አይኖርም ማለት ነው።

ይህ ደንገል በዓለም ዙሪያ ስሙ የተነሣበት ጊዜም ነበር። የኖርዌዩ ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» ብሎ ለሰየማት ጀልባ ደንገሉን የወሰደው ከጣና ሐይቅ ነበር። ጀልባዋን የሠሯት የቻድ ሐይቅ ባለሙያዎች ናቸው። ያች ጀልባ ጉዞዋን ሳትፈጽም በውኃ ተጎድታ ብትቀርም፣ በማግሥቱ ዓመት የተሠራችው ሁለተኛዋ ጀልባ ከሞሮኮ ተነሥታ ባርቤዶስ ደርሳለች።

ወደ አገራችን ባለሙያዎች እንመለስ። በጣና ዳር በታንኳ ሥራ ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቁት የወይጦ ኅብረተሰብ ተወላጆች ናቸው። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። ወንዶቹ ታንኳ ያስራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ሴቶቹ ቅርጫት እየሠሩ ለገበያ ያቀርባሉ። ማገዶውም፣ እህሉም፣ የወፍጮ ድንጋዩም በታንኳ ተጭኖ ወደ ገበያ ሲሄድ ኖሯል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ግን ጎረቤቶቻቸው ለረጅም ዘመን እንደ እኩል ሰው አላዩዋቸውም። በፊት የጉማሬ ሥጋ ይበሉ ስለነበር «ርኩስ» እየተባሉ ከማዕድም ከጋብቻም ተገልለው ኖረዋል። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን በሙያቸው የመናቅ ልማዳችን በእነርሱም ላይ ደርሷል።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ችግር ተጨምሯል። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውኃ ከመጠን በላይ በመጉደሉ መርከቦች ሥራ አቁመው ነበር። ውኃው የሸሸበት መሬት ታረሰ፤ ብዙ ደንገልም ጠፋ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም የሐይቁን ዳርቻ እየወረረ ለታንኳና ለመረብ መተላለፊያ አሳጥቷል። የባሕር ዳር ከተማ መስፋትም ለሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ቦታ አጥብቧል።

ዓሣውም ቢሆን አሳሳቢ ነው። በታንኳ የሚያጠምድ ሰው ከዳርቻ ብዙ ርቆ አይሄድም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ግን ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይሎን መረቦች ገቡ። የከተማው ሰው ዓሣ በብዛት ማግኘት የቻለው በእነርሱ በመሆኑ ጥቅማቸው አይካድም። ችግሩ ያለው በጊዜውና በቦታው ላይ ነው። በአካባቢው ነጭ ዓሣ እየተባሉ ከሚጠሩት ዝርያዎች ብዙዎቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ ናቸው። ከእነዚህ በርካቶቹ በክረምት መጨረሻ እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ። በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው እናቲቱን ከነእንቁላልዋ ይይዛታል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባደረጉት ጥናት የእነዚህ ዓሦች ክብደት ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል መቀነሱን አረጋግጠዋል። ነጋዴው ሌላ ሐይቅ ይፈልግ ይሆናል፤ በአንዲት ታንኳ ልጆችዋን የምታሳድግ ቤተሰብ ግን ሌላ ሐይቅ የላትም።

እርስዎ ከጣና ርቀው፣ ከሥራ ወደ ቤት በታክሲ ሰልፍ ሲደክሙ የሚውሉ ቢሆንም፣ ድርሻ አለዎት። ዓሣ ሲገዙ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ የቀላ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ መሆኑን እንደሚያዩ ሁሉ፣ ከየት እንደመጣም ይጠይቁ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ የጣና ነጭ ዓሣ ቢቀርብልዎት ይተዉትና ቆሮሶ ወይም አምባዛ ይምረጡ። በእነዚያ ወራት ፈላጊ ካነሰ፣ በወንዝ አፍ መረብ የሚዘረጋውም ይቀንሳልና። ባሕር ዳርን የመጎብኘት ዕድል ቢገጥምዎም፣ የደንገል ቅርጫት ሲገዙ የሠሪዋን ድካም አስበው ተገቢውን ዋጋ ይክፈሉ።

ከሁሉ በላይ ግን በቤትዎ ያለውን ይመልከቱ። ልጅ ንቀትን የሚማረው ከትልቅ ሰው አፍ ነው። ልጅዎ ስለ ታንኳ ሲጠይቅዎ፣ ሲሰፋና ሲታሰር የሚያድረውን ሙያና የባለሙያውን ስም በአክብሮት ይንገሩት። ወይጦ የሚለውን ስም እንደ ስድብ ሳይሆን፣ ከሣር ጀልባ የሚሠሩ ብልሆች ስም አድርጎ የሰማ ልጅ፣ ነገ በትምህርት ቤት የሸማኔውንና የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ከጎኑ አስቀምጦ ደብተሩን ይጋራዋል።